ከድምፄ የቆረጥከው

ውድ አሕመድኑር፣

«ውድ» የተወደደ ማለት ነው፤ ዋጋው የከበደ ማለትም ነው። አንተ የአማርኛ መምህር ነህና በየትኛው ፍቺ እንደጠራሁህ አይጠፋህም።

ከደሴ የላክኸው መልእክት ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ቃሎቹ መጽሐፍ ሊሆኑ ነው፤ የሚያሳትመው ሰው ተገኝቷል፤ የኔም ስም ከውስጥ በኩል ይጠቀሳል፤ የቀረው ፈቃዴና ለመደምደሚያ የሚሆን አንድ ቃል ብቻ ነው ብለሃል። ቃል አልሰጥህም። ፈቃድም አልሰጥህም። ምክንያቱን እያወቅህ «እታለም፣ ምን አድርጌሽ ነው የዘጋሽኝ?» ስላልክ ግን የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እጽፍልሃለሁ። ድምፅ መቁረጥ ታውቅበታለህ። ወረቀት ስትቆርጥ ደግሞ አያለሁ።

ሐቁን አልደብቅም፤ ሐሳቡ ያንተ ነበር፣ ሲጀመርም መልካም ነበር። ለቤት ሠራተኝነት ሪያድ ከገባሁ በሁለተኛው ዓመት በስልክ ስናወራ «ማንኪያ» ማለት ጠፍቶኝ በዐረብኛ ጠራሁት። መጀመሪያ ሳቅህ። እኔ ሳለቅስ ግን ሳቅህን ተውክና፣ «አይዞሽ እታለም፤ በቀን አንድ ቃል ላኪልኝ። ከአባባ አፍ የሰማሽውን፣ ሰው የረሳውን። ቃሉ ያሳሰበሽንም ጨምረሽ በድምፅ ንገሪኝ» አልከኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምነቃው ለቃሉ ሆነ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ከሥራው ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ነው። አንዱን እመርጥና ቀኑን ሙሉ ሳላምጠው እውላለሁ። ልብስ ስተኩስ «ኩርማን» እላለሁ፤ አባባ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ እንጀራውን አራት ቦታ ከፍለው አንዱን ኩርማን ለመንገደኛ ብለው ሳይነኩ የሚያቆዩት ይታየኛል። እኔስ ከራሴ ላይ ለማን ነው የማቆየው እላለሁ። ደረጃ ስወለውል «ወንፈል» እላለሁ፤ ዛሬ ያንተን እርሻ አርሼ ነገ የኔን የምታርስበት። የኔን ጉልበት የሚመልስልኝ ማነው እላለሁ። ራሴን ማሰብ የተማርኩት በዚያ ደረጃ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ ማሽኑ እየዞረ፣ ያሰብኩትን እነግርሃለሁ። «ዛሬ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው፤ ወደዱት» ስትለኝ ሰው መሆኔ ትዝ ይለኝ ነበር። ስለዚያ ዓመት አልወቅስህም። ቴሌግራም ላይ ገጽ ከፍተህ እንደምትጽፈው ግን አንድ ቀን አልነገርከኝም።

ከዚያ አሮጊቷ ሞቱ። የአሠሪዬ አማት ነበሩ፤ አላህን የሚፈሩ ሴት። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ምራታቸው በሩን ቆለፈችብኝ። ስልኬን ወሰደች። ምድር ቤት አወረደችኝ። አሮጊቷ የሰጡኝን አሮጌ ስልክ ከማጠቢያው ማሽን ጀርባ ደብቄ ነበር፤ እሱ ላይ የነበረው የአገር ቤት ቁጥር ያንተ ብቻ ነው። ቃሌን አላቋረጥኩም። ከቃሉ በኋላ ግን ሌላ ነገር መናገር ጀመርኩ።

«ዳፍንት» ያልኩህን ቀን ላስታውስህ። «ፀሐይ ስትገባ ማየት የሚያቅታቸውን ጎረቤታችንን፣ አባባ ‹ዳፍንት ይዟቸዋል› ይሉ ነበር። እኔን በቀትርም ይዞኛል። ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም። አሕመድኑር፣ ለአጎታችን ለሙሐሲን ንገርልኝ። ልጃቸው እዚሁ ሪያድ ነው። ይምጣና በሩን ያንኳኳልኝ።»

በማግሥቱ የልብ ምልክት ላክህልኝ። ከሥሩ፣ «ሶብር አድርጊ እታለም፣ አላህ ያግራልሽ። የነገውን ቃል እንዳትረሺ» ይላል።

ሴትዮዋ ለእህቷ ቤትም እያዋሰች ታሠራኝ ጀመር። ያን ጊዜ «ወንፈል»ን ደግሜ ላክሁልህ። «ማንም የማይመልሰው ወንፈል ሆኛለሁ። ትናንት ክንዴን በካውያ አቃጠለችኝ። ለአጎቴ ነገርካቸው?» አልኩህ። ሌላ ልብ ላክህልኝ።

ሰባት ወር እንዲህ ሆነ። ነግረሃቸው እምቢ ያሉ መስሎኝ ነበር። አንተን ማን ይጠረጥራል? ከሕፃንነትህ ጀምሮ በጀርባዬ ያዘልኩህን ወንድሜን! አጎቴን ጠላኋቸው። በሶላቴ ላይ እንኳ ስማቸውን መጥራት ተውኩ። በመጨረሻ አሮጌውን ስልክ በጉያዬ እንደያዝኩ ከደረጃ ወድቄ ሐኪም ቤት ገባሁ። አንዲት ሱዳናዊት ነርስ የተሰበረውን ክንዴን ልትጠግን እጅጌዬን ስትሰበስብ የካውያውን ጠባሳ አየች። «ማነው?» አለችኝ። የማላውቃት ሴት አንድ ጊዜ ብነግራት ሮጣ፣ ተከራክራ፣ ወደ አገሬ አሳፈረችኝ።

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ስመጣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው መሰረት የምትባል የአጅባር ሴት ነበረች፤ ለሥልጠና ነው የምትሄደው። ክንዴን በጀሶ፣ ፊቴን በእንባ ብታየው አዘነችልኝ። አቀስታን እንዳለፍን ስልኳን አውጥታ፣ «እህቴ፣ ሲከፋኝ የማነበው አለ፤ ላንብብልሽ?» አለችኝ። አነበበችልኝ።

«የዕለቱ ቃል፦ ዳፍንት። ፀሐይ ስትጠልቅ የሚጋረድ ዓይን ነው። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ብትሆኑ እንኳ የልባችሁ ዓይን ከበራ ብርሃን አላችሁ። ለጨለማችሁም አመስግኑ።»

«ማነው የጻፈው?» አልኳት።

«አሕመድኑር የሚባል መምህር ነው፤ የመካነ ሰላም ልጅ። ስንቱ ነው ጠዋት ጠዋት የሚጠብቀው! አባቴ የሞቱ ሰሞን ከአልጋ ያነሳኝ እሱ ነው፤ አላህም እግዚአብሔርም ይስጠው።»

ስልኳን ተቀብዬ ገጹን ወደ ታች እየገፋሁ አየሁት። ቃሎቼ በላክሁበት ተራ ቁጭ ብለዋል። «ወንፈል» ጋ ስደርስ «ጉልበትህን ስጥ፤ መመለሱን አትጠብቅ» ይላል። ክንዴ የለም። አጎቴ የሉም። በሩ የለም። መሰረትን ምንም አላልኳትም። መጽናናቷ እውነት ነበር፤ እሷን ምን አድርጊ ልበላት?

መናኸሪያ ጠብቀህ አቀፍከኝ፤ አለቀስክም። ቤት ገብተን እማዬ ጎረቤት ልትጠራ እስክትወጣ ጠበቅሁና ጠየቅሁህ።

«የላክሁልህን ሰምተኸዋል?»

«ሁሉንም።»

«እስከ መጨረሻው?»

ጫማህን አየህ።

«ለአጎቴስ ነገርካቸው?»

«እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ላመጣ ነው እታለም? ሰው ማስጨነቅ ነው እንጂ።»

«ንገር ነው ያልኩህ፤ አምጣ አላልኩህም።»

ከዚያ አንገትህን ደፍተህ፣ «ሰው ጠዋት ጠዋት ይጠብቀው ነበር» አልከኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ ከቃሎቹ ሁሉ ይልቅ ያችን አረፍተ ነገር ሳላምጣት እውላለሁ።

አጎቴ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ በከንቱ የጠላኋቸው ናቸውና። ሲሰሙ ጥምጣማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «የልጄ ሱቅ አንቺ ከነበርሽበት ሰፈር ሩቅ አይደለም» አሉኝ። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ብሰማ!» ለእርቅ ሽማግሌ የሰበሰቡትም እሳቸው ናቸው። አንተ መጥተህ «አፉ በይኝ» ስትለኝ እምቢ አላልኩህም። «እማዬ ባለችበት ድምፆቹን አብረን እንስማ፣ ከዚያ አፉ እልሃለሁ» ነው ያልኩህ። «እማዬን ተያት፣ ልቧን ያማታል» አልክ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወሩ ሳያልቅ ዝውውር ጠይቀህ ደሴ ገባህ።

እኔ እዚሁ ነኝ። ከሰዓት በኋላ በጎረቤታችን በዘይነባ በረንዳ ላይ አራት ልጃገረዶች ይጠብቁኛል፤ ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥተው የሚጠባበቁ። እኔም በቀን አንድ ቃል እሰጣቸዋለሁ። አንተ የምትወደው ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ቃል «ላ» ነበር። በዐረብኛ እምቢ ማለት ነው። ጮክ ብለው እንዲሉት ሳደርግ ተሳሳቁ፤ እጅጌዬን ስሰበስብ ዝም አሉ። በማግሥቱ «ጀዋዚ» አልኳቸው፤ ፓስፖርቴ። ቀጥሎ «ባብ»፤ በር። ስለ እያንዳንዱ ቃል ያሰቡትን ይናገራሉ፤ አንዷ ስለ በር ስትናገር ሁላችንም አለቀስን። ከመሄዳቸው በፊት ከቤተሰብ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጣቸውን ሰው እንዲመርጡ እጠይቃቸዋለሁ። አንዷ «ወንድሜ» አለች። «ሌላም ጨምሪ» አልኳት።

ሐሙስ መልእክትህ ሲመጣ እማዬ አጠገቤ ነበረች። «ልጄ ምን አለ?» ብላ ሳቀች። አንተን ለመጠበቅ ስል እስከዚያ ቀን ዋሽቻታለሁ፤ ክንዴን ማሽን አቃጠለኝ ብያት ነበር። ያን ዕለት ግን አሮጌውን ስልክ አመጣሁ። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተቀመጥን ሰማነው፤ ቃል በቃል፣ አንዱንም ሳንዘል። አላለቀሰችም። «ዳፍንት» ጋ ስንደርስ «መልሺው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ መለስኩት።

ሲያልቅ ነጠላዋን ስታጣጥፍ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ እዚያ ሳለሽ በየጁምዓው እጠይቀዋለሁ። ‹ደህና ናት እማዬ፣ ትስቃለች› ይለኛል። አንቺ ደህና ከሆንሽ ብዬ ዱዓዬን ወደ እሱ አዞርኩት። ያን ሁሉ ወር የለመንኩት ለእሱ ነው።»

አሕመድኑር፣ ክንዴ የኔ ነው፤ አንድ ቀን አፉ እልህ ይሆናል። የተወሰደብኝ ዱዓ ግን የእናቴ ነው። ስለ እሷ አፉ ማለት አልችልም፤ አንተም በኔ በኩል ልትለምን አትችልም። መጽሐፉን ብታሳትም የቆረጥከውን በየሰዉ ቤት እየዞርኩ አሰማለሁ፤ የምጀምረውም ከአጅባሯ ሴት ነው።

እማዬ ቅዳሜ ና ብላሃለች። አብራህ ቁጭ ብላ ድምፆቹን ልትሰማ ነው። እኔ አልኖርም፤ ስልኩን ቻርጅ አድርጌ ትቼላት እወጣለሁ። የሚከፍተው አንተ ነህ፤ እስከ መጨረሻው።

ዘሊካ
መካነ ሰላም