የአባቴ ጥርስና የጠያቂ ክኒን

የካቲት 19

አልዩ አምባ ገባሁ። ከደብረ ብርሃን ስነሳ ደርቤ የለበስኩትን ሹራብ ከአንኮበር ቁልቁል ስንወርድ አወለቅኩት። እዚህማ ሙቀት ነው። የምሠራበት ፋብሪካ የዓመት ፈቃዴን ፈቀደልኝ፣ የረመዳንን ቀሪ ከአባ ጋር ላሳልፍ።

ወንድሜ ሐቢብ በስልክ "አባን ጥርሱን ትንሽ አሞታል" ብሎኝ ነበር። ትንሽ! ግራ ጉንጩ ብርቱካን የጎረሰ ይመስላል። ግንባሩን ስነካው ይፋጃል። ይነቀል አልኩ። ከዒድ በኋላ አለ። ለምን? ሲነቀል ደም ብውጥ ጾሜ ይበላሻል። ካፈጠርክ በኋላ ይነቀላላ! በዚያ ሰዓት ማን ይነቅልልኛል… ለሁሉም መልስ አለው። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከያሕያ ጋር ከመከራከር ግመል ማንበርከክ ይቀላል ትል ነበር።

ፓራሲታሞል ይዤለት መጥቻለሁ። የፋርማሲዋ ልጅ ያለችኝን አንድ በአንድ ነገርኩት፦ ሁለት ክኒን፣ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ጠብቀህ እንደገና ሁለት፣ በቀን ከስምንት እንዳያልፍ። "እሺ ልጄ" አለኝ። አባ እሺ ሲል ነው የምፈራው።

የካቲት 21

ጠያቂ በጠያቂ ላይ። ዕድሜውን ሙሉ በርበሬ ሲነግድ ኖሮ የማያውቀው ሰው የለም፤ ከአስር ሰላት በኋላ ቤታችን ገበያ ነው። በሽተኛ ጋ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ብርቱካን ነበር፣ ሙዝ ነበር። ለጾመኛ ፊቱ ላይ የሚበላ ማስቀመጥ ነውር መሰላቸው መሰለኝ… ሁሉም ከኪሱ ክኒን ያወጣል! አንዱ ለጉንፋን ገዝቶ የተረፈውን። አንዱ ለወገቡ የሚውጠውን። ሌላው ከሱቅ ያመጣውን፣ ምን እንደሆነ እሱም አያውቅ።

አክስቴ ሰሊሃ ሁሉንም በለጠች። የአባ ታናሽ እህት ናት፣ ግቢያችንን የሚለየው አጥር ብቻ ነው። ልጇ ሌይላ ከጅዳ የምትልክላትን ቀይ ክኒን ሙሉ ፓኮ ይዛ መጣች። የሀገር ውስጡ ጠመኔ ነው አለች፣ እኔን አየት አድርጋ። ይሄ የውጭ ነው፣ ለራስም ለጥርስም ለትኩሳትም። እውነቷን ነው፣ እዚህ ሰፈር የሷን ክኒን ያልዋጠ የለም። ልጇ የላከችላትን ብቻዋን በልታ አታውቅም፣ ክኒኑንም ጭምር።

አባ ሁሉንም ተቀበለ፣ ሁሉንም መረቀ። ፊቴን አጥቁሬ ኖሮ ሰው ሲወጣ ተቆጣኝ። የሰው ልብ አይሰበርም አለ። መቀበልና መዋጥ ይለያያል አልኩት።

የካቲት 24

ጉንጩ ቀነሰ። ትኩሳቱም የለም። አክስቴ "አላልኳችሁም?" እያለች ስትንጎማለል ዋለች።

ታዲያ ለምንድነው የማይበላው? ሲያፈጥር ቴምርና ውሃ፣ በቃ። ሾርባውን ገፋው። ሌሊት ሱሁር ላይ የቀመሳትንም አስመለሳት። ጨጓራ ነው አለ። አባ ጨጓራ ኖሮበት ያውቃል እንዴ? በርበሬ እንደ ቆሎ የሚቅም ሰው! ሐቢብ ነገር ታበዣለሽ ይለኛል። እንግዲህ… ላብዛ።

የካቲት 25

ጠዋት አንሶላ ልቀይርለት ፍራሹን ሳነሳ አንድ ፌስታል አገኘሁ። ባዶ የክኒን ማሸጊያ የታጨቀበት። የኔ አለ። የጉንፋኑ አለ። የጅዳው ቀይ አለ። ሌላም። አብዛኛው ተውጦ አልቋል።

አባ ምንድነው ይሄ? አልኩት። ምንም አልደነገጠ። ረጋ ብሎ አስረዳኝ እኮ! ቀን ጾመኛ ነኝ፣ መዋጥ አልችልም፣ ስለዚህ "የቀኑን ማታ ቀዷ አወጣለሁ" አለኝ። ያመለጠ ጾም ከረመዳን በኋላ እንደሚከፈለው፣ ያመለጠውን ክኒንም ሊከፍል። የቀኑን ድርሻና የማታውን ደርቦ፣ ካፈጠረበት እስከ ሱሁር ባለችው ጊዜ። ያ የኔው ብቻ ነው። የሰው ክኒን ደግሞ ለየብቻ ይቆጠራል፦ የጉንፋኑ ለራስ፣ ያኛው ለወገብ፣ የሰሊሃ ለትኩሳት። "ሰው ለፍቶ አምጥቶ ሳልውጠው ብቀር ያዝንብኛል" አለ።

ፌስታሉን ይዤ ሮጥኩ። መድኃኒት ቤት ያለው ደረጀ ነው፣ ከሐቢብ ጋር አብሮ የተማረ። ማሸጊያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፣ በትንንሹ የተጻፈውን አነበበ። ሳቁ ጠፋ። አንዱን ለብቻው ገፋ አደረገው፣ የቀሩትን በአንድ ላይ ሰበሰበ።

"እነዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት ናቸው፣ ሰብሪና። ስማቸው ነው የተለያየው። ሁሉም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ።"

አልገባኝም አልኩት። ገብቶኝ ነበር።

አስመልሶታል ወይ አለኝ። አዎ። ምግብ ይበላል ወይ? አይበላም። አሁኑኑ ደብረ ብርሃን ውሰዱት አለ። አሁን እኮ ተሽሎታል፣ ትኩሳቱ ጠፍቷል አልኩ፣ እንደ ሞኝ። ተሽሎኛል ማለቱ እንዳያታልልሽ፣ ይሄ መድኃኒት ሲበዛ ጉበትን ነው የሚጎዳው፣ ጉበት ደግሞ ቶሎ አይናገርም አለኝ። በልኩ ለወሰደው ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለኔም እናት እሱን ነው የምሰጣት አለ። በልኩ…

ከሰዓት

አልሄድም አለ። እዚያ መድኃኒት ይሰጡኛል፣ ጾሜን ያስፈቱኛል፣ ያሕያ ጥርስ አሞት ጾም ፈታ ልባል? አክስቴም አግዛው ቆመች። ለክኒን ተብሎ ሆስፒታል የሚኬደው የት ሀገር ነው አለች። ሐቢብ መኪና ለምኖ አምጥቶ በር ላይ ያንኳኳል፣ እነሱ ይከራከራሉ።

በሕይወቴ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

"አላህ በሽተኛን ጹም አላለውም። አንተ ከአላህ በላይ ልታጠብቅ ነው?"

አፌን ያዝኩ። አባ ትክ ብሎ አየኝ… ከዚያ ጫማዬን አምጪልኝ አለ።

የካቲት 26

ደብረ ብርሃን፣ ሆስፒታል። ትናንት ዳገቱን ስንወጣ ሁለቴ አስመለሰው። አንኮበር ላይ ጉም ነበር፣ ሾፌሩ እየዳበሰ ነው የነዳው። እኔ ዱዓ እንኳ ቃሉ ጠፍቶኝ ያ አላህ፣ ያ አላህ ብቻ እል ነበር።

ደም ወሰዱ። ዶክተር ሜሮን፣ ወጣት ናት፣ ውጤቱን ይዛ ኮሪደር ጠራችኝ። ጉበቱ ተጎድቷል አለች። በአንድ ቀን የተወሰደ አይደለም፣ በየቀኑ ሲደራረብ የሰነበተ ነው፤ ቀን ሙሉ ሳይበላ፣ ማታም ሳይበላ መክረሙ ደግሞ አባብሶታል። ማርከሻ አለው? አለው። ግን እዚህ አልቋል። ሐቢብ ቃሏን ሳያስጨርሳት ወደ አዲስ አበባ ተነሳ፣ አመሻሹ ላይ ይዞት ደረሰ። በጉሉኮስ ጀመሩለት።

ይድናል ወይ አልኳት። እናያለን አለች። እናያለን ምን ማለት ነው?

የካቲት 27

ዓይኑ ቢጫ ሆነ።

የካቲት 28

ዛሬ በእናቴ ስም ጠራኝ። አቤት አልኩት። ምን ልበል?

ዶክተሯን ፊቷን እያየሁ ነው የምውለው። ስትስቅ ልቤ ይመለሳል፣ ዝም ስትል ይወርዳል። ደሙ ቶሎ አይረጋም፣ እንዳይደማ ተጠንቀቁ አሉን። ጥርሱንም አሁን መንካት አይቻልም፣ ለእሱ ሌላ መድኃኒት በክንዱ እየሰጡት ነው።

አክስቴ ከአልዩ አምባ መጣች። እግሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፣ ቁርአን ቀራች፣ እፍ አለችበት። ከዚያ ከሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታች። ቀይ ክኒን። "ትኩሳት ካገረሸበት ብዬ" አለች፣ ሹክ ብላ። ከእጇ ነጠቅኳት። አየችኝ፣ ግራ ገብቷት። አንቺ ነሽ ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አባ ዓይኑን ገልጦ ራሱን ነቀነቀብኝ፣ ተይ ነው። በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ይሄን ለማለት ነቃ። ዶክተሯ ከውጭ የመጣ ነገር ከልክላለች ብዬ አለፍኩት። ውሸት። ጾሜን ይዤ።

የካቲት 30

ውጤቱ ቀነሰ። ዶክተር ሜሮን ወረቀቱን እያሳየችኝ "ዞሯል" አለች። አልጠየቅኳትም፣ አቅፌ ሳምኳት። አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ።

ከሰዓት በኋላ አጥሚት ጠየቀ። በስሜም ጠራኝ። ተቆጥቶ ነው የጠራኝ፣ አጥሚቱ ቀጥኗል ብሎ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

መጋቢት 8

ቤታችን ገባን። ከስቷል። ዘንድሮ እንዳይጾም ተከልክሏል፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ሲበላ ያፍራል። የጥርሱ ቀጠሮ ከዒድ በኋላ ነው፤ እንዳለው ሆነለት!

ተጣላን። አክስቴ እንድታውቅ እፈልጋለሁ። እሱ አይሆንም አለ፣ የክኒኑን ወሬ አላመነችም፣ ጥርሱ ነው የጎዳው ብላ ታምናለች፣ እንደዚያው ትመን። ካልነገርናት ነገ ለሌላ ሰው ትሰጣለች አልኩት። "ወንድምሽን ልትገድይው ነበር ብለሽ ነው የምትነግሪያት? እሷ ይሄን ሰምታ ትኖራለች?" አለኝ። ልጆች ሆነው ወላጆቻቸው ሲያልቁ አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ግን እኮ… የሷ ልብ ይሻላል ወይስ የሰው ነፍስ? ዛሬም አልነገርኳትም። ራሴን ጠላሁት።

መጋቢት 9

ከአጥሩ ማዶ የሌይላ ልጅ ስታለቅስ ዋለች። ሌይላ ጅዳ ስትሄድ ለአያቷ የተወቻት፣ ገና ሁለት ዓመቷ። ምን ሆነች ብዬ ተጣራሁ። ትኩሳት ነው፣ ክኒኗን በወተት እየበጠበጥኩላት ነው አለች አክስቴ።

እኔ ሳልነሳ አባ ተነሳ። ከአልጋው እስከ በሩ ግድግዳ ይዞ የሚሄደው ሰው በአጥሩ ሽንቁር ወጣ። ስደርስ ኩባያውን ከእጇ ተቀብሎ መሬት አስቀምጦታል።

"ሰሊሃ፣ እኔን ሆስፒታል ያስገባኝ ጥርሴ አይደለም። ክኒን ነው። አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ሰው ሁሉ ያመጣልኝን ደራርቤ እኔው ነኝ የዋጥኩት። ግን ያንቺም አለበት።"

አንዴ እሱን፣ አንዴ ኩባያውን፣ አንዴ ልጅቷን አየች። ቁጭ አለች፣ መሬቱ ላይ። ታለቅሳለች ብዬ የፈራሁትን ለቅሶ አላለቀሰችም። አባ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘ። እሱ ግን አለቀሰ።

ልጅቷን ደረጀ ጋ እኔ ወሰድኳት። መዘናት፣ የልጅ ሽሮፕ ከነመስፈሪያው ሰጠኝ፣ በቤት ማንኪያ እንዳትለኩ አለ። የትልቅ ሰው ክኒን በግምት ተሰብሮ ለሕፃን አይሰጥም። ትኩሳቱ ካልተወ ደግሞ ነገ ጤና ጣቢያ። ማታውን በረደላት።

መጋቢት 11፣ ዒድ

ሰላት እንዳለቀ አክስቴ አዲሱን ቀሚሷን እንደለበሰች በር ላይ መጥታ ነይ አብረሽኝ አለችኝ። ወዴት? የሰጠሁትን ላስመልስ።

በኛ ሀገር የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ያዋርዳል። በዒድ ቀን ደግሞ! የመጀመሪያው ቤት የተጣላቻቸው መሰላቸው። ምን በደልንሽ፣ ሰሊሃ? አሏት፣ ክኒኑን እያቀበሏት። በየቤቱ ያንኑ ተናገረች። "ወንድሜን በእጄ ልቀብረው ነበር። ይሄ ክኒንና የናንተ ፓራሲታሞል አንድ ነው፣ አታደራርቡት። ምን እንደሆነ ያላወቃችሁትን ደረጀ ያንብብላችሁ።" ሰው ፊቱን ያዞር ነበር፣ አፍሮላት። ሦስተኛው ቤት ላይ አላስቻለኝም፣ እኔ ልናገርልሽ አልኳት። "ስሰጥ ያሞገስኩት በራሴ አፍ ነው" አለች። እኔ ነኝ ስነጫነጭባት የኖርኩት። ዛሬ ከኋላዋ ስከተል ራሴን ቀና አድርጌ ነው የሄድኩት።

ተመልሰን ግቢዋ ከአባ ጋር ቁጭ እንዳልን ስልኳ ጮኸ። ሌይላ ናት፣ ከጅዳ፣ ለዒድ ሙባረክ። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሰማኋት። አጎቴ እንዴት ሆነ? ተሽሎታል? የላክኩት ክኒን ረዳው? ሌላም ገዝቻለሁ፣ ሰው ሲመጣ እልካለሁ፣ ለሁሉም ይበቃል አለች፣ በደስታ።

አክስቴ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አባን አየች። አባ አንገቱን ደፋ። እንዳትነግሪያት ልላት ነበር፣ እኔው ራሴ! አባ ለምን ዝም በይ ይለኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ስልኩን አነሳችው።

"ልጄ፣ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ" አለቻት።