ለሴት ዓይን ብቻ

ትርንጎ፣

ሰላምታ አላበዛም፤ ማብዛቱን አንቺም አትወጂውም ነበር። ከተለየሽኝ ዓመት ሞልቶ ሳምንት አልፏል። ሰሊጡ ታጭዶ ተራግፏል፤ የባሱንዳ መንገድም ከጭቃ ወጥቷል። ጦርነቱ ከካርቱም ያባረራቸው ሁለት ቤተሰቦች ግቢያችን ተጠግተዋል፤ ፎቶ ቤቱን ለእነሱ ለቅቄ ካሜራዎቹን ወደ መኝታችን አስገብቻለሁ። መብራት መጣ ሲሉት ይሄዳል። የቤቱ ወሬ ይኸው ነው። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልለፍ።

ቀንቻለሁ፣ ትርንጎ። የጀመረኝም ዛሬ አይደለም።

ካሜራ መያዝ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። እኔንስ ማን አስተማረኝ? ማንም። ከመተማ ተሻግረን ገዳሪፍ ስንገባ አንድ የተበላሸ ካሜራ ገዝቼ፣ ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው የተማርኩት። የከተማውን ሰርግ ሁሉ ስቀርጽ ሰው በአክብሮት "ኡስታዝ"፣ መምህር፣ ይለኝ ነበር። የማልገባበት ቦታ ግን ነበር። የሙሽራዋ ጭፈራ ለሴት ዓይን ብቻ ነው፤ ወንድ ደጃፉን አያልፍም። እናቶቹ ሴት ቀራጭ አምጣ ቢሉኝ አንቺን አሠልጥኜ ላክሁ። ሕጌንም ነገርኩሽ፤ ፊት መሃል ይሁን፣ እጅ አይንቀጥቀጥ፣ ራስ አይቆረጥ። አንዱንም አልጠበቅሽው።

የጎረቤታችንን የሐጃ ዘይነብን ልጅ ሰርግ መቼም አትረሺውም። ሐጃ ካሴቱን ይዛ መጥታ ደጃችን ላይ በዐረብኛዋ ጮኸች፤ "ያ ትርንጎ፣ የዳርኩት ልጄን ነው ወይስ ተረከዟን?" እውነቷን ነበር። ሂና የተቀባ ተረከዝ፣ አምባር ያለበት እጅ፣ ግድግዳ ላይ የሚዘል ጥላ፤ ፊት የሚባል የለም። አልደብቅሽም፣ ደስ አለኝ። አላልኩሽም ነበር? ልጅቷ ባሏን ተከትላ ኒው ሀልፋ ከሄደች በኋላ ግን ሐጃ ተመልሳ መጣች። "ፎቶዋ ግድግዳዬ ላይ አለ፤ የናፈቀኝ ኮቴዋ ነው" ብላ ያንኑ ካሴት እንድታሳዪያት ለመነችሽ። ከዚያ ወዲያ የሱቃችንን ደጅ የሚረግጥ ሰው ሁሉ አንቺን ፈልጎ ነበር የሚመጣው።

ቀጥሎ እንደ ሱዳን ሴቶች መከናነብ የለመድሻቸውን ቶቦችሽን በግቢው ገመድ ላይ ጎን ለጎን ሰቅለሽ ምስሉን በፕሮጀክተር በላያቸው ለቀቅሽው። ሴቶቹ በጨርቆቹ መሃል ሲመላለሱ የእነሱ ጥላ ከሙሽሮቹ ጥላ ጋር ይደባለቅ ነበር። ለእኔ የታጠበ ልብስ ነበር። ከካርቱም የመጡት ሰዎች ግን "ቪዲዮ ኢንስታሌሽን" አሉት። እጅና ጥላ ብቻ ያለበትን፣ ሴቶቹ የፈቀዱትን፣ ወስደው በትልቅ አዳራሽ ሰቀሉት፤ ኋላም ከካይሮ ጠሩሽ። ያን ቀን ካርቱም አዳራሽ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ "ያ ዐም፣ አጎቴ፣ ገመዱን የሚያስረው አንተ ነህ?" አለኝ። ኡስታዙ ሰውዬ የትርንጎ ባል ሆኜ ቀረሁ።

ይህንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት መጋረጃውን ነው። በገዛ ሱቄ ውስጥ መጋረጃ ጋርደሽ የሴቶቹን ቀረጻ ስትቆርጪና ስትቀጥዪ፣ እኔ ከወዲህ ሳቅሽን እሰማ ነበር። ምን እንዳሳቀሽ አላውቅም። የወንድ ዓይን አያየውም ብዬ ለእናቶቹ የማልኩት እኔው ነኝ፤ ምዬ አልከዳም።

በመጨረሻው ሥራሽ ውስጥ ራስሽ እንደምትጨፍሪ የሰማሁት ለቅሶሽ ላይ ነው። የመጡት ሴቶች ሁሉ አይተውታል! ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ትራስ ተንተርሰን እኔ ስትጨፍሪ አይቼሽ አላውቅም። የእኛ ሰርግ የስደት መንገድ ላይ ነበር፤ ማን ጨፈረና? ቀረጻው ብረት ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርኩት። ዓመቱን ሙሉ እየዳበስኩት አልከፈትኩም። ሌሎችም ሴቶች አሉበትና።

ለሙት ዓመትሽ ልጃችን ሰላም ሥራሽን ለሴቶቹ ላሳይ አለች። ቁልፉን ሰጠኋት። "ያባ፣ አንተም ግባ" ብትለኝ እምቢ ብዬ ከአጥር ውጭ ጀነሬተሩ ዘንድ ተቀመጥኩ። ልጅሽ ግን ቶቦቹን ስትሰቅል አንዱን አጥሩ ጥግ አደረገችው። ቶብ ስስ ነው፤ ምስሉ በጀርባውም ይታያል። ይህን ያስተማርኳት እኔ ስለሆንኩ የረሳችው አይመስለኝም። ጀርባዬን ሰጥቼ ነዳጁን ተመለከትኩ።

የአንቺ ተራ ሳይደርስ አልቀረም። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ሐጃ ዘይነብ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "ያ ኡስታዝ፣ ዙር እንጂ! ከማን ነው የምትጠብቃት፣ ከባሏ?" አለችኝ።

"ሌላ ሴት የለችም?"

"ወላሂ፣ እሷ ብቻ ናት።"

"ሰላምም ትማል።"

"ኧረ ያባ! በእማ አጥንት፣ ብቻዋን ናት!"

ዞርኩ።

ራስ የለሽም። ካሜራውን መሬት አስጠግተሽ ተክለሽ ከጉልበትሽ በላይ ቆርጠሽዋል። ግን አወቅሁሽ። ድንበር ስንሻገር ድንጋይ የሰበረው የግራ አውራ ጣትሽ እንደ ልማዱ ወደ ውጭ አዘንብሏል። እዚሁ ግቢያችን አፈር ላይ፣ በባዶ እግርሽ፣ መጀመሪያ እንዳፈረ ሰው ቀስ ብለሽ፣ ኋላ አቧራው እስኪነሣ ረገጥሽው። ለማን ነበር የጨፈርሽው? ሐጃ ለእኛ ነው ትላለች። ሰላም ለካሜራው ነው ትላለች። ሁለቱንም አላምናቸውም።

አንድ የውጭ አገር አዳራሽ ያንን ሥራ ላኪልን ብሎ ለሰላም ጽፏል። እጁና ጥላው ይሂድ፤ ስምሽም ይጠራ፤ ሥራሽ ነው። ተረከዝሽ ግን ከዚህ አጥር አይወጣም። ሰላም "ይህን መደበቅ ሐራም ነው፣ ያባ" ብላ አኩርፋለች። ታኩርፍ። ቁልፉ ወደ ማተቤ ተመልሷል። ሴቶቹ በናፈቅሻቸው ጊዜ ይምጡ፤ ሳጥኑን እከፍታለሁ፣ ቶቡንም ራሴ እሰቅላለሁ፣ አጥሩ ጥግ። ፊትሽን የሚያስታውስ ሞልቷል። እኔ እስክከተልሽ ድረስ ኮቴሽን እይዛለሁ።

ገመዱን የሚያስረው ባልሽ