በሕይወት ስላሉት አጎቴ ለቅሶ እና ስለ ሥራ ልምዴ

ለተከበሩ አቶ ኤድመንድ ኦዱም
የሶፍትዌር ድርጅት የቅጥር ኃላፊ
አዱም፣ ኩማሲ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ መኪናዎንም ከኬጄቲያ ገበያ መጨናነቅ በሰላም ወጥታ እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አጎቴም ደህና ናቸው፤ ይህን ለይቼ የምጽፈው ድርጅትዎ ሞተዋል ብሎ ለከተማው ስላስታወቀ ነው።

አፍሪዬ ሳርፖንግ እባላለሁ፤ ለጀማሪ ሶፍትዌር ሠሪነት አመልክቼ በክቡርነትዎ ፊርማ የተሸኘሁት ነኝ። ስሜን ቢረሱት አልቀየምም። ቅሬታዎቼን እነሆ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ማስታወቂያዎ "ጀማሪ" ብሎ ይጀምርና የአምስት ዓመት ልምድ፣ ዲግሪ፣ ቢቻል ማስተርስ፣ እንዲሁም "ጫና የሚችል ትከሻ" ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ጀማሪ ከየት ይገኛል ብዬ አብራኝ የተማረችውን ጓደኛዬን ባማክራት፣ እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ኮድ መጻፍ የጀመረ መሆን አለበት አለችኝ። እኔ እናቴ ሆድ ውስጥ ዝም ብዬ ተኝቼ ነበር፤ ስለ ስንፍናዬ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

፪. ሆኖም ደግነትዎ በዝቶ የቤት ፈተና ሰጡኝ። ፈተናው ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ የሟቹን ስም፣ የአንድ ሳምንት መታሰቢያውን ቀንና ቦታ ሲያስገባ፣ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ በስልክ የሚያስታውቅ ፕሮግራም መሥራት ነበር። ቅዳሜ ያለ ለቅሶ በማያልፍበት ከተማችን ይህ ቀልድ አይደለምና እንቅልፌን አጥቼ ሠራሁት። ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም፣ በእኛ አጠራር ዎፋ (አጎቴ) ባፉር፣ ከሱዋሜ ጋራዥ የሞተር ዘይት እንደተቀቡ መጥተው ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። ረጅም ስም ሲገባ ጽሑፉ እየተቆረጠ እንዳስቸገረኝ ስነግራቸው፣ "የኔን ስም ግደይበት፤ እሱን ከቻለ ማንንም ይችላል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከነሽማግሌነት ማዕረጋቸው ኦፓኒን ኢማኑኤል ባፉር አሳሬ-ኒያርኮ የሚለውን ሳይቆርጥ ሲያወጣ ሁለታችንም አጨበጨብን።

፫. መልስዎ አጭርና ጨዋ ነበር፦ "ሥራዎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በእውነተኛ ሰዎች እጅ ገብቶ የተሞከረ ሥራ የለዎትም።" ክቡርነትዎን መዋሸት አልፈልግም፤ አለቀስኩ። ሥራ ያልሰጡት ሰው ልምዱን ከየት እንደሚያመጣው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዎፋ ባፉርም አዝነው፣ ካልሆነ ጋራዥ መጥቼ ሞተር መፍታት እንድማር፣ እዚያ ሰርተፊኬት የሚጠይቀኝ እንደሌለ ነገሩኝ።

፬. ከዚያ ድርጅትዎ "የራሱን" የለቅሶ ማስታወቂያ ፕሮግራም አስመረቀ። እንኳን ደስ ያለዎት! ስክሪኑ ላይ የሚጫኑት ብርቱካንማ ቁልፍ ሳይቀር የኔው ሥራ ነው። የአጎቴን ስምና ቤት የያዘው የፈተና ምሳሌዬም አብሮ ነበርና፣ በምረቃው ዕለት ለተመዘገቡት ደንበኞችዎ ሁሉ ኦፓኒን ኢማኑኤል ባፉር አሳሬ-ኒያርኮ በሞት መለየታቸውና መታሰቢያቸው ቅዳሜ ሳንታሲ በሚገኘው ቤታቸው መሆኑ ተነገረ።

ቅዳሜ ዎፋ ባፉር ከሥራ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ የሐዘን ጥቁርና ቀይ ለብሶ ጠበቃቸው። ስልካቸው ዘይት ገብቶበት ዝም ካለ ሰንብቷልና፣ እኔም የድርጅትዎ ደንበኛ አይደለሁምና፣ ጉዱን አልሰማንም። እናቴ እየጮኸች ስትመጣ ወንድሟን ቆመው ብታገኛቸው፣ አቅፋ ስማ ስታበቃ በጥፊ አጮለቻቸው። እሳቸው ግን አንድ ወንበር ስበው ከለቀስተኛው መሀል ተቀመጡና፣ "ልጄ፣ ሞቴስ ግድ የለም፤ ሥራሽ ግን እንዴት ያለ ነው! አንድ ሰው እንኳ አልቀረም" አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ካሳም አልፈልግም። የምለምነው የሥራ ልምድ ማስረጃ ብቻ ነው፤ ሥራዬ በእውነተኛ ሰዎች እጅ ገብቶ እንደተሞከረ፣ ሰዎቹም በእውነት እንዳለቀሱ ይጻፍልኝ። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ዎፋ ባፉርም የለቅሶ ልብሳቸውን ለብሰው ከነለቀስተኞቻቸው አብረውኝ ይመጣሉ፤ ማስረጃው እስኪፈረም ድረስ መታሰቢያቸውን እንግዳ መቀበያዎ ውስጥ ለማክበር ወስነዋል። ድንኳኑን እኛ እናመጣለን።

ፈተናዎን ወድቃ ሥራዎን እየሠራችልዎ ያለች ታማኝ አገልጋይዎ፣
አፍሪዬ ሳርፖንግ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጥፋቱን በኔ ለማላከክ ካሰቡ፣ ኮዱ ውስጥ ከአጎቴ ስም በላይ "ይህ የፈተና ምሳሌ ነው፤ ለሰው ከመላኩ በፊት ይጥፋ" ብዬ ጽፌ ነበር። በሚቀጥለው ማስታወቂያዎ ከማስተርስ ዲግሪው በፊት "ማንበብ የሚችል" የሚለውን ቢያስቀድሙት፣ በመጀመሪያ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ያሉትን ቢፈትኑበት ደስ ይለኛል።