ውይይቱን የቀደመው አሚን

ለተከበሩ የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ
ለአቶ ሙዓዝ
ደሴ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ የሞቀ፣ ኢንተርኔትዎም ያልተቋረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የሰሞኑ የጦሳ ተራራ ብርድም እርስዎን እንደማይደፍር ተስፋ አለኝ። እኔ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዎ ወንድምአገኘሁ ነኝ። ደብዳቤውን በኢሜይል ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ሆኖም በመረጥነው ሶፍትዌር ምክንያት የማን ሆኖ እንደሚደርስዎ እርግጠኛ ስላልሆንሁ በረንዳው ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፌዋለሁ። ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

1. የፓምፕ ደንበኞቻችንን መረጃ የምንይዝበትን ሲስተም ከኢሜይል ሰርቨራችን ጋር የሚያናብብ ሶፍትዌር እንድንመርጥ ኮሚቴ ስላቋቋሙልን፣ ምርጫውንም ራስዎ ቀደም ብለው ጨርሰው ስለጠበቁን አመሰግናለሁ። ከቀረቡልን ሶፍትዌሮች አንዱ በአንድ የኢሜይል አድራሻ ከአንድ በላይ ደንበኛ ሲያገኝ ቆም ብሎ ሰው የሚጠይቅ ነበር፤ ሌላኛው ማንንም ሳያስቸግር ሁሉንም ወደ አንድ ደንበኛ ያዋህዳል። ኮምቦልቻ ሆቴል ውስጥ በሻጮቹ ምሳ ተጋብዘን ያየነው ይህን ሁለተኛውን ነበርና፣ ጠያቂ ሶፍትዌር ሥራ ያጓትታል ብለው እርስዎ ያሉት ቃል ከጥብሱ ጋር አብሮ ተዋጠልን።

2. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ስለ ስብሰባው አካሄድ ነው። በእኛ በወሎ ጉዳይ ሲያልቅ ዱዓ ይደረጋል፤ ከዱዓ በኋላ ነገር ማንሣት ነውር ነው። እርስዎ ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ፣ ገና ወንበር ስበን ሳንቀመጥ አንጋፋውን የመጋዘን ኃላፊያችንን ሐጂ ጀላልን ለመረጡት ሶፍትዌር ዱዓ እንዲያደርጉ ጋበዟቸው። ሐጂም በቅን ልብ እጃቸውን ዘርግተው አላህ ኸይሩን እንዲያመጣልን፣ ከሸር ከክፉውም እንዲጠብቀን ለመኑ፤ እኛም አሚን አልን። ከዚያ በኋላ አስተያየት ያለው ካለ ብለው መጠየቅዎ ትሕትናዎን ያሳያል።

3. ይህኛው እንኳ ምስጋና አይደለም። በደጋን ከተማ ዙሪያ ያሉ ገበሬ ደንበኞቻችን ሁሉ በአንድ የኢሜይል አድራሻ እንደሚጠቀሙ፣ አድራሻውም የፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤት የዘካሪያ እንደሆነ፣ እሱም የመጣላቸውን እያተመ በገበያ ቀን እንደሚያድላቸው እርስዎ አያውቁም ነበር። እኔ አውቅ ነበር። የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን እርስዎን ማስቀየም ፈራሁና አሚኑን ከለላ አደረግሁት፤ እንዲያውም ድምፄ ከሁሉም ጎልቶ ይሰማ ነበር።

ሶፍትዌሩ ቃሉን ጠበቀ፤ የደጋን ደንበኞቻችንን በሙሉ አንድ ሰው አደረጋቸው። ጣሀ የተባሉ ገበሬ ያዘዙት ፓምፕ እንዲሰረዝላቸው በዘካሪያ በኩል ሲጽፉ፣ መልእክቱ ሄዶ በወይዘሮ መዲና ትእዛዝ ላይ አረፈ፤ የኮምቦልቻ መጋዘናችንም የእሳቸውን ፓምፕ ለሌላ ሰው ሰጠው። ወይዘሮ መዲና ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በመስኖ ሽንኩርት ነው። አሮጌው ፓምፕ ተበላሽቶባቸው የእኛን ዛሬ ነገ ሲሉ፣ ሽንኩርቱ ማሳው ላይ እንዳለ ደረቀ።

4. ነገሩ ሲታወቅ፣ ደንበኛዋ የግል ኢሜይል ባለመያዛቸው የተፈጠረ ክፍተት ነው የሚል ማብራሪያ እንድጽፍ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ጻፍሁ፤ ላክሁም። እንዲያውም ክፍተት የምትለዋን ቃል የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ከማለት የለዘበች መስላኝ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ለወይዘሮ መዲና ከሚቀጥለው ተከላ በፊት ፓምፕ ይሰጣቸው፤ ሶፍትዌሩም በጠያቂው ይተካ። ለዚያ ስብሰባ ሲጠሩን ደግሞ ሐጂን አያስቸኩሏቸው፤ ዱዓው መጨረሻ ላይ ሲሆንም ይደርሳል።

ትእዛዝዎን ለመፈጸም ፈጣን፣ እውነት ለመናገር ግን ዘገምተኛ የሆንሁት፣
ታማኝ ሠራተኛዎ
ወንድምአገኘሁ ቀለሙ

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ መዲና ዛሬ ጠዋት ዘካሪያ ያነበበላቸውን ማብራሪያችንን ይዘው ከደጋን መጥተዋል። ሊጮሁብኝ ነው ብዬ ነበር፤ ቢጮሁብኝ በተሻለኝ። «ልጄ፣ ኢሜይሉ የራስ መሆን እንዳለበት አላወቅሁም፤ አስቸገርኋችሁ፣ ይቅር በለኝ፣ አፉ በለኝ» አሉኝ። እኔም፣ ማፈሪያው፣ አፉ ብያለሁ አልኋቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ከበላያቸው የተለጠፈው ምን እንደሆነ አያውቁም እንጂ፣ አሁን ከዚህ ሰሌዳ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እርስዎንም አፉ ሊያስብሉ እየጠበቁዎት ነው።