ጪጩ ላይ አልከፈትም ስላለው ልዩ መኪናዎ

ለተከበሩ የልዩ ማሳያ ክፍሎች የሽያጭ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

የከበረ ሰላምታዬን ከኮቸሬ አቀርባለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየወሩ «ውድ የልዩ ቤተሰባችን አባል» እያለ መልእክት የሚልክልኝ ኮምፒውተርዎም በጤና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ አሁንም ከወንበሬ ጫፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ባለቤቴ ይርጋ በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሐዋሳ መድረስ አለበት። መኪና የፈለግነው ለዚህ ብቻ ነበር። ሐዋሳ ባለው ተራ መደብራችሁ የሚሸጠው ሞዴል ይበቃን እንደ ሆነ ሻጭዎን አቶ አሌክስን ብጠይቃቸው፣ በትሕትና ፈገግ ብለው «እናቴ፣ ያ እኮ ለማንም የሚሸጥ ነው» አሉኝ። ከዚያም ዕድሜዬን ሙሉ ሬኮ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቡና ሳሳጥብ ለኖርሁት ለእኔ የይርጋጨፌ ቡና በትንሽ ስኒ አቅርበው ጣዕሙን አስረዱኝ። ስለ ሁለቱም ትምህርት አመሰግናለሁ፤ ልዩውንም መኪና ገዛን።

ቅሬታዎቼን በአክብሮት እዘረዝራለሁ።

፩. ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ይርጋን ይዤ ወደ ሐዋሳ ስነዳ መኪናዎ ጪጩ ገበያ አጠገብ ቆመ። ምን እንደ ሆነ ለማየት ወርጄ በሩን ስዘጋው መብራቱ ሁሉ ጠፋ፤ ወደ ውስጥ የሚደበቀው ያ የሚያምር የበር እጀታም እንደ ተደበቀ ቀረ። ይርጋ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ነበር። እሱ ከውስጥ ይገፋል፣ እኔ ከውጭ እታገላለሁ፤ አይከፈትም። ፀሐዩ በርትቷል። መተንፈስ ሲያቅተው በመስታወቱ አየዋለሁ፤ አንዴ ወደዚህ በር፣ አንዴ ወደዚያ በር እሮጣለሁ። ማርቲ የምትባል አቮካዶ ሻጭ ነጠላዋን አርጥባ መስታወቱን ባትጋርድለት ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር አላውቅም።

፪. ሐዋሳ ወዳለው መደብራችሁ ደወልሁ። ስሙ ያው፣ ዓርማው ያው፤ «ይቅርታ እማማ፣ ይህ ሞዴል በልዩዎቹ በኩል ብቻ የሚሸጥ ስለሆነ እኛ አንነካውም» አሉኝ። ወደ እርስዎ ዘንድ ስደውል ደግሞ አስተናጋጅዎ እጅግ በለሰለሰ ድምፅ፣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚደርስ ነግራ፣ እስከዚያ ሌላ ሰው እንዳይነካው አሳሰበችኝ።

«ልጄ፣ ውስጡ እኮ ሰው አለ» አልኋት።

«ገባኝ እናቴ፣ ቅሬታዎን መዝግቤዋለሁ» አለችኝ። ስለ መዝገቡ ምስጋናዬ ይድረሳት።

የጪጩው መካኒክ ሲላስ ግን ምንም አልመዘገበም። «ጋሼ ይርጋ፣ ፊትዎን ይሸፍኑ!» ብሎ ጮኸና የፊተኛውን በር መስታወት በመዶሻ ሰበረው። ሾልኮ ገብቶ ያንኑ በር ከውስጥ በእጁ ከፈተና ባለቤቴን አቅፎ አወጣው። ወደ ሐዋሳ የሚያልፍ የጭነት መኪና አስቁሞ ጋቢና ውስጥ አሳፈረን። ከተራችን ሦስት ሰዓት ዘግይተን ደረስን፤ ነርሶቹ ጠብቀውን ነበር። ይርጋ ተረፈ።

፫. ከዐሥር ቀን በኋላ የእርስዎ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ መጣ። መስታወቱ ባልተፈቀደለት ሰው ስለ ተሰበረ ዋስትናው መሰረዙን፣ የኋላው በር የእጅ መክፈቻም ከምንጣፉ ሥር እንደ ነበረ ይገልጻል። አቶ አሌክስ መቀመጫው ጀርባን እንዴት እንደሚያሽ ሲያሳዩን ግማሽ ሰዓት ስለ ፈጁ፣ ምንጣፉን ለመግለጥ ጊዜ እንዳጠራቸው እረዳለሁ።

ስለ ዋስትናው አልለምንዎትም። ይህን ሞዴል የገዙ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ ልጆቻቸውን ከኋላ የሚያስቀምጡ አሉ። ዛሬውኑ ይደወልላቸውና ስለ ምንጣፉ ይነገራቸው። እስኪነገራቸው ድረስ አርፌ መቀመጥ አልችልም።

በማዕረግዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ደንበኛዎ ሆኜ ለመቆየት ግን የቤተሰቤ ጤና የማይፈቅድልኝ፣

አሰፋች ጅግሶ
ኮቸሬ፣ ጌዴኦ ዞን

ማስታወሻ፦ ይርጋ አሁን ሐዋሳ የሚመላለሰው በሕዝብ ሚኒባስ ነው። በሩ በገመድ የታሰረ ነው። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሊፈታው ይችላል።