አባዬ ሩዝ የጠየቀበት ሐምሌ

ሐምሌ 2
ዝናብ። ሱቁን አልከፈትኩም። በዚህ ጭቃ ኑድል ልብላ ብሎ ማን ይመጣል? ደግሞስ አባዬን ለማን ትቼ...

የሩዝ ሾርባ ሠራሁለት። ቀመሰና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ውሰጂው ኦራታይ። ሽታው ራሱ ያጥወለውለኛል።» ካንሰሩ ጨጓራው ላይ ከተገኘ ወዲህ እንዲሁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በዝሆን የዛፍ ግንድ ሲያስጎትት የኖረ ሰው፣ ዛሬ ብርድ ልብሱ ከበደኝ ይላል።

ሐምሌ 4
ሐኪሙ ከማስታገሻ ሌላ የሚሰጠው የለም። «ለምግብ ፍላጎቱ ለመድኃኒት የተፈቀደውን ካናቢስ ሞክሩለት» ብሎ ወደ ባህል ሕክምናው ክሊኒክ ላከኝ። መድኃኒት የምትሰጠው እትዬ ሱዳ የሰፈራችን ሰው ናት። አፈርኩ።

«ያሳብደዋል እንዴ?» አልኳት።

«ቅጠሉ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። አንቺ ሁለቱን እወቂ። ቲ.ኤች.ሲ የሚሉት ራስ ያዞራል፣ ግን ያስርባል፣ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል። ሲ.ቢ.ዲ አያሰክርም፣ ያረጋጋል ይላሉ። የምሰጥሽ ኩኪስ ውስጥ ሁለቱም አሉ።»

«የአባዬ እናት ዶሮ ሾርባ ውስጥ ቅጠሉን ትጨምር ነበር አሉ።»

«የሾርባው ቅጠል ጉልበት የለውም፤ ኩኪሱ ውስጥ ያለው ከቅጠሉ የተጣራ ዘይት ነው። የተበላ ደግሞ እንደተጨሰ አይደለም። በሆድና በጉበት አልፎ ስለሆነ ይዘገያል። ሲመጣ ግን ይበረታል፣ ቶሎም አይለቅም። ሩብ ብቻ ስጪው። አልሠራም ብለሽ በዚያው ቀን እንዳትደግሚ።»

ካንሰሩንስ? አልኩ። «እሱን አይነካውም» አለች። ቢያንስ አልዋሸችኝም።

ሐምሌ 5
ናሮንግ ወሬውን ሰምቶ ከባንኮክ ደወለ። «አባቴን ሱሰኛ ልታደርጊው ነው?»
«መጥተህ አንተ አብላው።»
ዘጋው። ታናሽ ወንድሜ ነው... እዚህ ቤት ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል።

ከሰዓት በኋላ ሩቡን ሰጠሁት። ምንም የለም። «ይሄ ለሻይ የሚሆን ነው እንጂ መድኃኒት ነው? ጨምሪ» አለኝ። ግማሽ ጨመርኩለት። ራበኝ እንዲል ጓጉቼ...

ሐምሌ 6
ትናንት ሲመሻሽ የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ። «ግንዱ እየተንከባለለ ነው! ከሥሩ ውጡ!» ልቡ ሲመታ በሸሚዙ ላይ ይታያል። አላወቀኝም።

ሱዳ ጋ ደወልኩ። «ብቻውን አትተዪው። መብራቱን ቀንሺ፣ ውሃ አቅምሺው፣ ያልፋል በዪው። ደረቴን ካለ ወይ ራሱን ከሳተ ሆስፒታል ውሰጂው።» ለምን ደገምሽ አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አለፈ። ዛሬ ሲነቃ «ያንን ነገር ሁለተኛ አልቀምስም» አለ። እኔስ ደግሜ ልሰጠው?

ሐምሌ 9
ሕመሙ በረታበት። ራሱ ጠየቀ። «ግን ሱዳ ትምጣና ትቁረጠው። አንቺ እጅሽ ለጋስ ነው።» መጥታ ከሩቡ ግማሹን ቆረጠችለት። «ጋሼ ካምፓን፣ ዛሬ ግንድ የለም» አለችው። ሳቀ። ተኛ።

ሐምሌ 10
ሩዝ ጠየቀ።
«ዓሣ የለም?» አለ ደግሞ። እየሮጥኩ ጠበስኩለት። ሳህኑን ጨረሰ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወሬ አማረው። «ናሮንግ ዝሆን ይፈራ ነበር።»
«አውቃለሁ። ፈሪ እያልክ በሰው ፊት ስታዋርደው አልነበር?»
ብርድ ልብሱን ሳብ አደረገ። «እኔም እኮ እፈራ ነበር። በየጠዋቱ፣ ዝሆኑ አንገት ላይ ስወጣ። ለማንም አልተናገርኩም።»
ኩኪሱ ነው ያናገረው? ወይስ መሞቱን አውቆ?

ሐምሌ 11
ለናሮንግ ደውዬ ነገርኩት። «ይህን አባዬ አለ?» አዎ አልኩት። «ነገ እመጣለሁ።»

ሐምሌ 13
ናሮንግ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። ሁለቱም ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ... ስለዚያ ነገር አንድ ቃል የለም። ማታ ሩዙን በማንኪያ ያጎረሰው እሱ ነው። አባዬ አፉን ከፈተለት።

ሐምሌ 19
መብላት አቆመ። ቁራጯም አልሠራችም። አሁን የማስታገሻ መርፌ ብቻ።

ሐምሌ 21
ንጋት ላይ ሞተ።

ነሐሴ 3
ሱቁን ከፈትኩ። አስከሬኑን አቃጥለን አመዱን ወንዙ ላይ በትነን ከተመለስን ወዲህ ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። ምን አተረፍንለት እላለሁ... ጥቂት ሳህን ሩዝ። ይበቃል? አላውቅም።

ናሮንግ ባንኮክ አልተመለሰም። ከኋላ ሳህን ያጥባል፣ አንዱን ሰበረ። አንዲት ደንበኛ «አዲስ ሠራተኛ ነው?» አለችኝ።

«ወንድሜ ነው» አልኳት።

ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ የውሃው ድምፅ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።