ሽቦ የሌላቸው ሰባት ደወሎች

ቀን፦ ኅዳር 9

ለአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች ጥራትና ደኅንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ «በጣም ጥሩ» የሚል ደረጃ የተሰጠው የአረጋውያን መኖሪያ አስቀድሞ ሳይነገረው በድጋሚ እንዲፈተሽ ስለመጠየቅ

የተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

እኔ ጡረታ የወጣሁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የሰማንያ ሦስት ዓመት እናቴ ከጽሕፈት ቤትዎ በስተጀርባ ባለው መንገድ፣ አራት ክፍልና ስምንት አልጋ ባለው መኖሪያ ውስጥ፣ ከሌላ አንዲት እናት ጋር ክፍል ተጋርታ ትኖራለች። ያስገባኋት ራሴ ነኝ፤ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ብሏት ነበር።

1. ቤቱ የዛሬ ሦስት ወር ተፈትሿል። ፍተሻ እንዳለ ለቤቱ ያሳወቀው የራስዎ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ደብዳቤው የደረሰው አሥር ቀን ቀድሞ ነው። አሥር ቀን ለሠርግም ይበቃል። መጋረጃ ተቀየረ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይተነው የማናውቀው ሳሙና ተቀመጠ፣ ነዋሪዎቹም ፀጉራቸው ተበጥሮ ፎቶ ሊነሣ እንደመጣ ሰው ተደረደሩ። ተቆጣጣሪው በሄዱ ማግስት ሳሙናው ቁም ሳጥን ገብቶ ተቆልፎበታል።

2. በዕለቱ ለእናቴ ነጠላ ጫማ ላደርስ ሄጄ ስለነበር ፍተሻውን በዓይኔ አይቻለሁ። ተቆጣጣሪው ትሑት ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን በሚገባ ጠርገው ነው የገቡት። በመጀመሪያው ክፍል፣ ለበሩ ቅርብ በሆነው አልጋ ራስጌ ያለውን ደወል ተጫኑ። ጮኸ። አስታማሚዋም እየሮጠች መጣች። «ጥሩ ነው» ብለው የቀሩትን ሰባት ደወሎች በየክፍሉ በር ላይ ቆመው በብዕራቸው ጫፍ ቆጠሩ። ቅጻችሁ የሚጠይቀው «በእያንዳንዱ አልጋ ደወል አለ ወይስ የለም?» ብሎ ነው፤ እሳቸውም «አለ» ብለው ሞሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ቁጥር አልሳቱም።

3. ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ እናቴ መጸዳጃ ቤት መሄድ ፈልጋ ደወሏን ተጫነች። ጠበቀች። ደግማ ተጫነች። የሚመጣ ሲጠፋ ግድግዳ ይዛ ተነሣች፤ ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። የተገኘችው እራት ሲታደል ነው። አብረዋት ያሉት እናት በሕመም ምክንያት ድምፅ ስለማይወጣቸው ሊጮኹላት አልቻሉም፤ አልጋቸው ላይ ሆነው የራሳቸውን ደወል ሲጫኑ ነው የዋሉት። አንቺስ ለምን አልጮኽሽም ብላት «ሰምተው ላልመጡ ምን ብዬ ልጩህ?» አለችኝ።

4. በማግስቱ ካቻቢቴዬን ይዤ ሄድኩና የእናቴን ደወል ፈታሁት። ከኋላው ሁለት ብሎንና ጥቂት ኖራ አገኘሁ። ሽቦ የለም። በሠላሳ አራት ዓመት ሥራዬ የተቆረጠ ሽቦ፣ የተቃጠለ ሽቦ፣ አይጥ የበላው ሽቦ አይቻለሁ፤ ጨርሶ ያልነበረ ሽቦ ፍተሻ ሲያልፍ ግን ገና ማየቴ ነው። ነዋሪዎቹን እያስፈቀድኩ የቀሩትንም ፈታሁ። ተቆጣጣሪው ከተጫኑት ከአንዱ በቀር ሰባቱም ባዶ ናቸው።

እዚህ ላይ ቅጻችሁ ቦታ ያልሰጠውን ነገር ልጨምር። እናቴ እዚያ ቤት ስምንት ወር ስትኖር ደወሉ የሚሠራ ይመስላት ነበር። ሰምተው የሚተዋት፣ የሰለቸቻቸው ነው የሚመስላት። ቶሎ ቶሎ እንዳታስቸግራቸው ብላ ውሃ መጠጣት ቀንሳ ነበር። ባዶውን ደወል መዳፏ ላይ ሳስቀምጥላት አገላብጣ አየችውና «ታዲያ አልጠሉኝም ማለት ነው?» አለች። ደስ አላት። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ማልቀሴንም አልደብቅም።

5. የቤቱን ባለቤት ብጠይቃቸው «ፈቃድ ስናወጣ ይኑር አሉን እንጂ ይጩህ ያለን የለም» አሉኝ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። ሽቦውን ራሴ በነፃ ልዘርጋ ስላቸው «ተፈትሾ ያለፈ ዕቃ አይነካም፤ ደረጃችንን ያስወስዱብናል» ብለው ከለከሉኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ ደግሞ የመስኮት ሦስት ሠራተኛ እንዲህ ዓይነት ደረጃ ያገኘ ቤት እስከ ሁለት ዓመት እንደማይፈተሽ፣ ቅሬታዬም ለዚያው ለፈተሹት ባለሙያ እንደሚመራ አስረዱኝ። ተመራ። ባለሙያውም «ደወሎቹ በቦታቸው መኖራቸው ተረጋግጧል» የሚል ደብዳቤ ልከውልኛል። ማኅተሙ በጣም ያምራል።

6. ስለዚህ ሌላ ባለሙያ ሳይነገር እንዲላክ፣ ስምንቱንም ደወሎች በጣቱ እንዲጫንና ሰው እስኪመጣ በየአልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ፣ ሽቦውም በአስቸኳይ እንዲዘረጋ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። እስከ እራት ሊያስቆየው ስለሚችል ጋዜጣ ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል።

እናትህን አውጥተህ ለምን አትገላገልም ይሉኝ ይሆናል። የሚወጣ ደረጃ የሌለው ቤት ተከራይቼ፣ አልጋ አንጥፌ፣ ልወስዳት ሄጄ ነበር። እምቢ አለች። አብረዋት ያሉት እናት ሲቸግራቸው የአልጋቸውን ብረት በእጃቸው ይመታሉ፤ ያኔ እናቴ እስከ ወጥ ቤት እስኪሰማ ትጮህላቸዋለች። ደወሎቹ ባዶ መሆናቸውን ካወቀች ወዲህ ሥራዋ ይኸው ነው። «እኔ ከወጣሁ ለእሳቸው ማን ይጮህላቸዋል፣ ልጄ?» አለችኝ። ብቻዬን ተመለስኩ።

ትናንት ስሄድ ድምጿ ተዘግቶ አገኘኋት።

ከአክብሮት ሰላምታና ከተረፈችኝ ትዕግሥት ጋር፣

(ፊርማ)
የሦስተኛው ክፍል ነዋሪ ልጅ